ዕድሜ በዜሮና በአምስት ሲያልቅ፦ ስለ ካይ-ስኩዌር ፈተና የደረሱን ጥያቄዎች

በዚህ እትም የአንባቢያን ጥያቄና መልስ አምዳችን ከሕዝብ ጥናት መረጃ ጋር የተያያዙ ሦስት ደብዳቤዎችን ይመልሳል። የመጀመሪያው ብዙ ነገር ስለሚያነሣ ሰፋ ያለውን ቦታ ወስዷል።

ጥያቄ፦ በአንድ ዞን በ2015 ዓ.ም. የተሰበሰበ የጤና ጥናት መረጃ በእጃችን ይገኛል። ከ40 የቆጠራ ቦታዎች ከእያንዳንዳቸው 20 ሰው፣ በድምሩ ዕድሜያቸው ከ23 እስከ 62 ዓመት የሆነ 800 ሰዎች ተጠይቀዋል። የተነገረው ዕድሜ የሚያልቅበትን አኃዝ ስንቆጥር በ0 የሚያልቀው 172፣ በ1 41፣ በ2 78፣ በ3 60፣ በ4 52፣ በ5 148፣ በ6 58፣ በ7 59፣ በ8 88፣ በ9 ደግሞ 44 ሆኖ አገኘነው። ሰው ሁሉ ዕድሜውን በትክክል ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ለአሥሩም አኃዞች እኩል ይደርሳቸው ነበር ብለን በካይ-ስኩዌር የተስማሚነት ፈተና ለመመርመር ሞከርን። እኔ መቶኛዎቹን አስገብቼ 28.25 አገኘሁ፤ የሥራ ባልደረባዬ ቁጥሮቹን እንዳሉ አስገብተው 226.025 አገኙ። ሁለቱም በሠንጠረዡ ካለው 16.92 ስለሚበልጡ መደምደሚያችን አንድ ነው ብዬ ብከራከርም አልተቀበሉኝም። ማናችን ነን ትክክል? ውጤቱስ መረጃውን መጣል አለብን ማለት ነው?
— አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ ትክክሉ ባልደረባዎ ናቸው፤ ምክንያቱ ግን ምናልባት እርሳቸው ከሚያስቡት ትንሽ ይሰፋ ይሆናል።

ካርል ፒርሰን እ.ኤ.አ. በ1900 ይፋ ያደረገው ይህ ፈተና የሚሠራው በሰዎች ብዛት ነው። ለእያንዳንዱ ምድብ የታየው ብዛት ከሚጠበቀው ይቀነሳል፣ ልዩነቱ በራሱ ይባዛል፣ ከዚያም ለሚጠበቀው ይካፈላል፤ የሁሉም ምድቦች ውጤት ሲደመር ካይ-ስኩዌር ይሆናል። በእርስዎ መረጃ ለ0 የሚጠበቀው 80፣ የታየው 172 ነው፤ ልዩነቱ 92፣ በራሱ ሲባዛ 8,464፣ ለ80 ሲካፈል 105.8 ይሆናል። ለ5 በዚሁ መንገድ 57.8 ይወጣል። ከጠቅላላው 226 ውስጥ 163.6ቱን ያዋጡት እነዚህ ሁለት አኃዞች ብቻ ናቸው፤ ድምሩን ብቻ አይቶ የሚያልፍ ሰው ይህን አያይም፤ ሪፖርት ስትጽፉ የእያንዳንዱን ምድብ ድርሻ በሠንጠረዥ አብራችሁ አስቀምጡት።

አሁን ወደ መቶኛው እንመለስ። 172ን ወደ 21.5 በመቶ፣ 80ን ወደ 10 በመቶ ሲቀይሩት ፎርሙላው እነዚህን የሰው ቁጥር አድርጎ ይወስዳቸዋል፤ ከ100 ሰዎች መካከል 21.5 ሰው በ0 የሚያልቅ ዕድሜ ተናገረ እንደማለት ነው። ስለዚህ ናሙናዎ 800 ይሁን 50 ወይም 80,000፣ መቶኛ ካስገቡ ፈተናው ሁልጊዜ 100 ሰው የጠየቁ ይመስለዋል። 226.025ን ለ8 ቢያካፍሉ የእርስዎን 28.25 የሚያገኙትም ለዚሁ ነው። በዚህ ጊዜ ሁለቱም መንገዶች ወደ አንድ መደምደሚያ የደረሱት ዕድሜ አነጋገሩ እጅግ የተዛባ በመሆኑ ነው። የጠየቃችሁት 50 ሰው ብቻ ቢሆንና ክፍፍሉ ከዚህ ጋር ተቀራራቢ ቢሆን ኖሮ ትክክለኛው ውጤት ወደ 14 ስለሚሆን ከ16.92 ያንስ ነበር፤ መቶኛው ግን ያንኑ 28 ይዞ «ልዩነት አለ» ይልዎት ነበር። ስለዚህ ክርክሩን ዛሬ ባያሸንፉትም ለሚቀጥለው ጥናት ይጠቅምዎታል።

16.92 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ ለሚል አንባቢ፦ አሥር ምድቦች አሉ፣ ጠቅላላ ድምሩ ግን አስቀድሞ 800 ተብሎ ተወስኗል፤ ዘጠኙ ከታወቁ አሥረኛው ራሱ ስለሚታወቅ የነጻነት ደረጃው 9 ነው፣ በ0.05 ደረጃ (ማለትም ልዩነት ሳይኖር «ልዩነት አለ» ብሎ የመሳሳት ዕድሉ 5 በመቶ ሲሆን) የሚነጻጸረውም ከ16.92 ጋር ነው። ይህ ቀላል ይመስላል እንጂ የፈተናው ፈልሳፊ ራሱ ፒርሰን የሚጠበቀው ቁጥር ከዚያው ከናሙናው ተገምቶ ሲገኝ የነጻነት ደረጃው መቀነስ እንዳለበት አልተቀበለም ነበር፤ ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1922 ያስተካከለው ሮናልድ ፊሸር ነው፣ ሁለቱም በዚህ ጉዳይ እስከ መጨረሻው አልተስማሙም። ስለዚህ ከባልደረባዎ ጋር መከራከርዎ አያሳፍርም።

ከስሌቱ ይልቅ እኔን የበለጠ ያሳሰበኝ «እኩል ይደርሳቸው ነበር» ያላችሁት ነው። ፈተናው የሚለካው የታየው ከሚጠበቀው የራቀበትን ያህል ነው፤ የሚጠበቀው ራሱ ትክክል መሆኑን ግን አይፈትሽም፣ ያንን የምታመጡት እናንተ ናችሁ። በርግጥ ከ23 እስከ 62 መምረጣችሁ ብልህነት ነው፤ በዚህ ክልል ውስጥ ያሉት 40 ዕድሜዎች እያንዳንዱን አኃዝ አራት አራት ጊዜ ይይዛሉ። ይሁን እንጂ እንደ እኛ ባለ ወጣት በሚበዛበት ሕዝብ ውስጥ የ23 ዓመት ሰዎች ከ32 ዓመት ሰዎች፣ የ53 ዓመት ሰዎችም ከ62 ዓመት ሰዎች ይበዛሉ። በ3 የሚያልቁት ዕድሜዎች በየአሥሩ መጀመሪያ ላይ፣ በ2 የሚያልቁት ግን መጨረሻ ላይ ስለሚገኙ፣ ማንም ሰው ሳይሳሳት እንኳን 3 ከ2 በልጦ ይገኛል። ለምሳሌ የሰው ቁጥር በዕድሜ አንድ ዓመት በጨመረ ቁጥር 3 በመቶ ይቀንሳል ብንል፣ ከ800 ሰዎች በ3 የሚያልቀው 91፣ በ2 የሚያልቀው 69 ይሆናል እንጂ ሁለቱም 80 አይሆኑም። እንዲህ አስተካክዬ ሳሰላው ውጤትዎ ከ226 ወደ 244 ገደማ ከፍ አለ፤ በ0 ላይ የሚጠበቀው ወደ 74 ስለሚወርድ ክምችቱ እንዲያውም ጎልቶ ይወጣል። ስለዚህ መደምደሚያችሁ አልተናጋም።

በትልቅ ናሙና ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዚሁ የ3 በመቶ ቅናሽ ሁሉም ሰው ዕድሜውን በትክክል የተናገረበትን 800 ሰው «እኩል ነው» ከሚለው መላምት ጋር ብናስተያየው ካይ-ስኩዌሩ በአማካይ ወደ 15 ገደማ ይሆናል፣ መረጃውም ፈተናውን አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። ናሙናው 8,000 ቢሆን ግን ወደ 70 ይደርሳል። ማንም ሳይሳሳት መረጃው የተዛባ ተብሎ ይፈረጃል፤ ጥፋተኛው መላ ምቱ ሆኖ ሳለ ጣት የሚቀሰረው በመረጃ ሰብሳቢዎቹ ላይ ይሆናል። የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች በዚህ ምክንያት ነው በትልልቅ ቆጠራዎች ላይ የመነሻውን ዕድሜ እየቀያየረ የሚያሰላውን የማየርስን መለኪያ የሚመርጡት።

ዕድሜ በ0ና በ5 የሚከማቸው ለምን እንደሆነ መረጃ ሰብስቦ የሚያውቅ ሰው አይጠይቅም። በ1996 ዓ.ም. በአንድ የገጠር ቀበሌ መረጃ ስሰበስብ ደጃፋቸው ላይ ምስር እየለቀሙ ያገኘኋቸውን አንዲት እናት «እማማ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ከሰፌዱ ቀና ሳይሉ «እኔ ምን አውቄ ልጄ፤ አንተው ገምት» አሉኝ። ፊታቸውን አየሁና ስድሳ ልጽፍ ስል ልጃቸው ከውስጥ ሆኖ «ስድሳ አምስት በል» አለኝ። ስድሳ አምስት ጻፍኩ። ተቆጣጣሪያችን ፎርሙን ሲያይ መለሰኝና የታላላቅ ክንውኖች መዘርዝሩን አውጥቶ እንደገና እንድጠይቅ አደረገኝ። እማማ የተወለዱት ጃንሆይ ከስደት በተመለሱበት ዓመት እንደሆነ አባታቸው ሲናገር እንደሰሙ አስታወሱ፤ 1933 ማለት ነው፣ ዕድሜያቸውም 63። እርሳቸው አልዋሹም፣ ልጃቸውም አልዋሸም፤ ስድሳን በመምረጤ እኔም አልዋሸሁም። እኔና ልጃቸው ግን የቀረበንን ክብ ቁጥር ያዝን። ከዚያ በኋላ በተካሄዱት ጥናቶች ሁሉ ያ የክንውኖች መዘርዝር ቦርሳ ውስጥ ተጣጥፎ ሲዞር እንጂ ሲወጣ ብዙ ጊዜ አላየሁም።

እግረ መንገዴን በ8 ላይ ያለችውን ጥቂት ብልጫ ልብ በሉልኝ። 88 ከ80 ብዙም ስለማይርቅ ብቻውን የሚያሳስብ አይደለም፤ ነገር ግን መረጃው የተሰበሰበው በ2015 በመሆኑ «የ77 ድርቅ ዓመት ነው የተወለድኩት» የሚል ሰው 38 ተብሎ ይመዘገባል። 88ቱ በ28፣ በ38፣ በ48ና በ58 መካከል እንዴት እንደተከፋፈሉ አይታችሁ 38 ብቻ ጎልቶ ከወጣ፣ ያ ክምችት ከአኃዝ ምርጫ ሳይሆን ከዘመን ማስታወሻ የመጣ መሆኑን ትጠረጥራላችሁ።

ሌላው ሳላነሣው የማላልፈው፣ የጠየቃችኋቸው 800 ሰዎች አንድ በአንድ በዕጣ የወጡ አለመሆናቸው ነው። 40 ቦታዎች ተመርጠው በየቦታው 20 ሰው ተጠይቋል። በአንድ ቦታ የተሰማራው መረጃ ሰብሳቢ አንድ ሰው ከሆነና እርሱ ራሱ ክብ ቁጥር የሚወድ ከሆነ፣ ሃያዎቹ መልሶች እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። ካይ-ስኩዌር ደግሞ እያንዳንዱ መልስ ከሌላው ነጻ ነው ብሎ ስለሚነሣ የሌለውን መረጃ እንዳለ ይቆጥራል። የማስተካከያው ሐሳብ ቀላል ነው፦ በየቦታው የተጠየቁት 20 ከሆኑና በአንድ ቦታ ባሉ መልሶች መካከል ያለው ተዛምዶ ለምሳሌ 0.05 ቢሆን፣ 19ን በ0.05 አባዝተን 1 ስንጨምርበት 1.95 እናገኛለን። የናሙና ንድፍ ተጽዕኖ የሚባለው ይህ ነው፤ 800 ሰው ጠይቃችሁ በተግባር የያዛችሁት መረጃ ከ410 ሰዎች ያህል ነው ማለት ነው። የስታቲስቲክስ ባለሙያዎቹ ራኦና ስኮት እ.ኤ.አ. በ1981 ባቀረቡት ማስተካከያ በቀላሉ መልኩ ካይ-ስኩዌሩን ለዚህ ተጽዕኖ አማካይ እናካፍለዋለን፤ 226.025 ለ1.95 ሲካፈል ወደ 116 ይወርዳል። አሁንም ከ16.92 በብዙ ይበልጣል። ይሁንና የመጀመሪያው ውጤታችሁ 25 ቢሆን ኖሮ ከማካፈል በኋላ 12.8 ሆኖ መደምደሚያው ይገለበጥ ነበር። በወረቀት ማስላት አያስፈልግም፤ አር የተባለው ፕሮግራም «ሰርቬይ» በተሰኘው ጥቅሉ፣ ስታታና ኤስፒኤስኤስም ለውስብስብ ናሙና ባዘጋጁት ክፍል ይህን ያሰሉላችኋል፤ የምታስገቡት ግን የቆጠራ ቦታውን መለያ ቁጥር የያዘ ዓምድ ነው። ብዙ ሰዎች መረጃውን ሲያጸዱ መጀመሪያ የሚሰርዙት ያንን ዓምድ ነው። እባካችሁ አትሰርዙት።

መረጃውን መጣልን በሚመለከት፦ አትጣሉ። ፈተናው የነገራችሁ ዕድሜ በአንድ ዓመት ልዩነት ሊታመን እንደማይችል ብቻ ነው፣ ስለ ክትባቱ ወይም ስለ ደም ግፊቱ መልሶች ምንም አላለም። የክምችቱን መጠን ለመግለጽ ደግሞ ካይ-ስኩዌር ከናሙናው ብዛት ጋር አብሮ ስለሚያድግ ለአንባቢ ብዙም አይነግረውም፤ የዊፕል መለኪያ ይሻላል። በ0ና በ5 የሚያልቁት 320 ሰዎች ናቸው፤ ለ800 ሲካፈል 0.4፣ በ500 ሲባዛ 200 ይሆናል። ምንም ክምችት ከሌለ 100፣ ሁሉም ሰው በ0 ወይም በ5 የሚያልቅ ዕድሜ ከተናገረ 500 ነው። በተባበሩት መንግሥታት አመዳደብ ከ175 በላይ የሆነ ሁሉ በጣም ሸካራ ከሚባለው ምድብ ይገባል። ይህንን ቁጥር በሪፖርታችሁ በግልጽ ጻፉት።

ለትንተና ዕድሜን ስትመድቡ ከ25 እስከ 29፣ ከ30 እስከ 34 እያላችሁ አትሂዱ። ትክክለኛ ዕድሜው 28 ወይም 29 ሆኖ «ሠላሳ» ያለው ሰው በዚህ አመዳደብ ወደ ላይኛው ምድብ ይሻገራል። ክብ ቁጥሩን መሐል ላይ አድርጋችሁ ከ23 እስከ 27፣ ከ28 እስከ 32 ብትመድቡ አብዛኛው ስሕተት በምድቡ ውስጥ ይቀራል፤ የመረጣችሁት የዕድሜ ክልልም ለዚህ በትክክል ተስማሚ ሆኖ ስምንት ምድቦች ይሰጣችኋል። ከሌሎች ጥናቶች ጋር ማነጻጸር ግዴታ ከሆነባችሁ ግን የተለመደውን አመዳደብ ያዙና ውጤቱን በሁለቱም መንገድ አሳዩ። ከዚያ በፊት ካይ-ስኩዌሩን ለእያንዳንዱ መረጃ ሰብሳቢ ለየብቻ ብታሰሉት፣ ክምችቱ በሁሉም ዘንድ ያለ ነው ወይስ የሁለትና የሦስት ሰዎች ነው የሚለው ይለያል። በአንድ መረጃ ሰብሳቢ እጅ የተጠየቁት ከ50 የሚያንሱ ከሆነ በእያንዳንዱ አኃዝ የሚጠበቀው ከ5 ስለሚያንስ፣ አኃዞቹን «0 ወይም 5» እና «ሌላ» በሚሉ ሁለት ምድቦች ጠቅልላችሁ ሥሩ።

ጥያቄ፦ አንድ ሺሕ አዋቂዎችን በስልክ ጠይቀን 410ሩ ከከተማ፣ 590ው ከገጠር ሆነው አገኘናቸው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ የከተማ ነዋሪው ድርሻ 16.1 በመቶ ስለሆነ በካይ-ስኩዌር ስናስተያየው 459 አገኘን። አማካሪያችን «ናሙናችሁ አገሪቱን አይወክልም» ብለው ጻፉ። በክብደት ብናስተካክለውና ፈተናውን ብንደግመው ይበቃል ወይ?
— የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ስሌታችሁ ልክ ነው፤ ከተማ ላይ የሚጠበቀው 161፣ ገጠር ላይ 839 ሲሆን ልዩነቱ በሁለቱም በኩል 249 ነው፣ 385.1ና 73.9 ሲደመር 459 ይሆናል። ናሙናችሁ ወደ ከተማ ማዘንበሉንም ማንም አይክድም፤ በስልክ የሚገኝ ሰው ከተሜ መሆኑ የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን ይህ 459 ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አጣምሮ ይዟል። አንደኛው ስልክ ያላቸውን ብቻ ማግኘታችሁ ነው። ሁለተኛው እናንተ የጠየቃችሁት አዋቂዎችን ሲሆን 16.1 በመቶ ግን ሕፃናትን ጨምሮ የጠቅላላው ሕዝብ ድርሻ መሆኑ ነው፤ በገጠር ቤተሰብ ውስጥ ልጆች ስለሚበዙ በአዋቂዎች መካከል የከተሜው ድርሻ ከዚያ ከፍ ይላል። ሦስተኛው ዘመኑ ነው። ያ ቆጠራ ወደ 74 ሚሊዮን ሕዝብ የቆጠረ፣ በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ደግሞ ዘግይቶ በ2000 ዓ.ም. የተካሄደ ሲሆን፣ ከ1976ና ከ1987 ቀጥሎ ሦስተኛው ነው፤ አራተኛው ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል። ከዚያ ወዲህ ከተሞቻችን ምን ያህል እንዳደጉ መንገድ ላይ የወጣ ሁሉ ያያል። ስለዚህ ፈተናው «ናሙናው አይመጥንም» ሲል ከፊሉ «አገሪቱ ተለውጣለች» ማለቱ ነው፣ የትኛው ስንት እንደሆነ ግን ለይቶ ሊነግራችሁ አይችልም። ቢያንስ ከቆጠራው ሠንጠረዦች የአዋቂዎቹን ድርሻ ብቻ አውጡ፤ ከተቻለም ከቆጠራው ወዲህ በወጣ የሕዝብ ትንበያ ተጠቀሙ።

በክብደት ማስተካከሉ ተገቢ ነው። ከዚያ በኋላ ፈተናውን መድገሙ ግን ከንቱ ልፋት ነው። የከተማና የገጠሩን ድርሻ በክብደት ከቆጠራው ጋር እኩል ካደረጋችሁ በኋላ ካይ-ስኩዌሩ ዜሮ ይሆናል፤ ይህ የሚያሳየው ክብደቱን በትክክል ማስላታችሁን እንጂ ናሙናው መሻሻሉን አይደለም። ከተፈለገ ክብደት ስታወጡ ያልተጠቀማችሁበትን ነገር፣ ለምሳሌ የትምህርት ደረጃን ወይም የቤተሰብ ብዛትን፣ ከሌላ ምንጭ ጋር አስተያዩ። በክብደት የተባዙ ቁጥሮችን በቀጥታ ወደ ፎርሙላው ማስገባትም አይገባም። ክብደቱ ወደ አገሪቱ ሕዝብ የሚያሳድግ ከሆነ አንድ ሺሕ ሰዎቻችሁ በአንድ ጊዜ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ይሆናሉ፣ ትንሿ ልዩነትም ተራራ ታክላለች።

ለአማካሪያችሁ በአክብሮት ሊጠቁሙ የሚችሉት ምሳሌም አለ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ645 የቆጠራ ቦታዎች 15,683 ሴቶች ቃለ መጠይቅ ተደርጎላቸዋል። የሐረሪ ክልል ድርሻ በ1999ኙ ቆጠራ ሩብ በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ናሙናው በሕዝብ ብዛት ልክ ቢከፋፈል ወደ 39 ሴቶች ይደርሱት ነበር፤ የተጠየቁት ግን 906 ናቸው። ከኦሮሚያ በተቃራኒው ከ5,700 በላይ ይጠበቁ የነበሩ ሲሆን የተጠየቁት 1,892 ነበሩ። ይህን በካይ-ስኩዌር ብትፈትኑት ከሐረሪ ብቻ ከ19,000 በላይ የሆነ ቁጥር ይወጣል። ማንም ግን ጥናቱ ተበላሸ አላለም፤ ምክንያቱም ለትንሹ ክልል በ39 ሰው ስለ ክትባትም ሆነ ስለ ወሊድ የሚታመን ግምት መስጠት ስለማይቻል፣ አዘጋጆቹ ሆን ብለው የትንንሾቹን ክልሎች ናሙና ከፍ አድርገው በኋላ በክብደት አስተካክለውታል። የእናንተ ልዩነት ከዚህ የሚለየው ሳታቅዱት በስልኩ ምክንያት የመጣ በመሆኑ ነው፤ ክብደት የሚያስተካክለው የታወቀውን የከተማና የገጠር ድርሻ ነው እንጂ፣ ስልክ ያለው የገጠር ሰው ስልክ ከሌለው ጎረቤቱ የሚለይበትን ሁሉ አይደለም። በጽሑፋችሁ የአቅም ውስንነት ክፍል ውስጥ የሚገባው ይህ ዐረፍተ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሰባት ምድቦች አሉኝ፤ በሁለቱ የሚጠበቀው ቁጥር 2ና 3 ብቻ ሲሆን ፕሮግራሙ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ችላ ልበለው?
— አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ችላ አይበሉት፣ ግን አይደናገጡ። የስታቲስቲክስ ባለሙያው ኮክራን ያስቀመጠው የተለመደ መመሪያ የሚጠበቀው ቁጥር ከ5 የሚያንስባቸው ምድቦች ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ እንዳይበልጡ፣ አንዱም ከ1 በታች እንዳይወርድ ነው። ከሰባት ሁለት ማለት ወደ 29 በመቶ ስለሆነ መስመሩን አልፈዋል። የተሻለው መንገድ ካይ-ስኩዌሩን በሠንጠረዡ ፋንታ በማስመሰል መፈተን ነው፤ ኮምፒውተሩ ከሚጠበቀው ክፍፍል 10,000 ናሙናዎችን አውጥቶ ከእነርሱ ውስጥ ስንቱ የእርስዎን ያህል ወይም ከዚያ በላይ እንደራቀ ይቆጥርልዎታል። አር ይህን በአንድ መስመር ይሠራዋል፣ ምድቦቹም እንዳሉ ይቆያሉ።

መቀላቀል ከመረጡ ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ላይ ቢሆኑ ትርጉም ይሰጣል ወይ የሚለውን ቀድመው ይወስኑ፤ አንድ ቤተሰብ የሆኑ ቋንቋዎችን ማጣመር ወይም «ሌሎች» ብሎ መሰየም ይቻላል፣ ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ ብቻ የማይገናኙትን ማጋባት ግን ውጤቱን ለማንም የማይገባ ያደርገዋል። ውሳኔውንም የታየውን ቁጥር ከማየትዎ በፊት ያድርጉት፤ ፒ-ቫልዩው (ይህን ያህል ወይም ከዚህ የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ የመገኘት ዕድሉ) እስኪያንስ ድረስ ምድብ የሚቀያይር ሰው በመጨረሻ የፈለገውን ማግኘቱ አይቀርም። ሁለቱን ሲያጣምሩ የሚጠበቀው በትክክል 5 ይሆናል፣ ምድቦቹም ስድስት፣ የነጻነት ደረጃውም 5 ስለሚሆን የሚነጻጸሩት ከ12.59 ጋር ሳይሆን ከ11.07 ጋር ነው።